«ብርቅ የሆነው ያሸንፋል»፦ አንድ ጆከር የሚያፈርሰው ሕግ

ስለ ፖከር የሚያስረዳ ጽሑፍም ሆነ ካርታን ምሳሌ ያደረገ የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ስታነቡ ይህችን ዓረፍተ ነገር አታጧትም፦ «ለማግኘት የሚከብደው እጅ ያሸንፋል።» ማስረጃውም ወዲያው ይከተላል። ከ52 ካርታ ውስጥ አምስት ለማውጣት 2,598,960 መንገድ አለ። ከእነዚህ ፍላሽ (አምስቱም አንድ ምልክት፣ ተከታታዮቹን ሳይጨምር) 5,108 ነው። ፉል ሃውስ (ሦስት ካርታ አንድ ቁጥር፣ ሁለቱ ሌላ ቁጥር) ግን 3,744 ብቻ። ስለዚህ ፉል ሃውስ ይበልጣል። አለቀ።

ለ52 ካርታና ለአምስት ካርታ እጅ ይህ እውነት ነው፤ በዚህ ላይ ጠብ የለኝም። የምተቸው ዓረፍተ ነገሯ የተፈጥሮ ሕግ ይመስል መነገሯን ነው። አንድ ሕግ ጠንካራ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ የተሠራበትን ሁኔታ ትንሽ ነካ አድርጉት። እኛም ካርታውን እንነካካው። (ገንዘብ የሚያስይዝ የለም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።)

መጀመሪያ እንቀንስ። ሾርት ዴክ በሚባለው የፖከር ዓይነት 2፣ 3፣ 4 እና 5 ቁጥሮች ይወጡና 36 ካርታ ይቀራል። የአምስት ካርታ እጆች ወደ 376,992 ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ምልክት ከ13 ካርታ ወደ 9 ስለወረደ ፍላሽ ይከብዳል፤ 480 ብቻ ይሆናል። ቁጥሮቹ ስላነሱ ግን ተመሳሳይ ቁጥር መግጠም ይቀላል፣ ፉል ሃውስም 1,728 ይሆናል። ደረጃው ተገለበጠ ማለት ነው። የጨዋታው ሰዎችም ይህን አይተው ፍላሽን ከፉል ሃውስ በላይ አስቀምጠውታል። እስካሁን ዓረፍተ ነገሯ ጥሩ እየሠራች ነው።

ግን ቆጠራውን እስከ ታች ቀጥሉበት። በ36 ካርታ አንድ ጥንድ ያለበት እጅ 193,536 ነው። ባዶ እጅ፣ ማለትም ጥንድም ሆነ ሌላ ምንም የሌለበት፣ 122,400 ብቻ። እንግዲህ ብርቅ የሆነው የሚያሸንፍ ከሆነ ባዶ እጅ ጥንድን ማሸነፍ ነበረበት! እንደዚያ አድርጎ የሚጫወት ግን አላየሁም። ሕጉ ከላይ ሲመች ይጠቀሳል፣ ከታች ሳይመች ይተዋል።

እሺ፣ ይህ ቢያንስ ማስተካከያ አያጣም፤ ደረጃውን ገልብጦ መጫወት ይቻላል። የባሰው የሚመጣው ካርታ ስንጨምር ነው።

ወደ 52 ካርታ ተመለሱና አንድ ጆከር ጨምሩ። ጆከሩ የፈለጋችሁትን ካርታ ይሆናል። አሁን ሁለት እጆችን ብቻ እናወዳድር፦ ሁለት ጥንድ እና ሦስት አቻ (ሦስት አንድ ቁጥር)። ያለ ጆከር ሁለት ጥንድ 123,552፣ ሦስት አቻ 54,912 ስለሆነ ሦስት አቻ ይበልጣል። ጆከር ሲገባስ? ጆከር፣ አንድ ጥንድና ሁለት የተለያዩ ካርታዎች ደረሷችሁ እንበል። ይህ ስንት ጊዜ ይሆናል? የጥንዱ ቁጥር በ13 መንገድ ይመረጣል፤ ከዚያ ቁጥር አራት ካርታዎች ሁለቱ በ6፤ ከቀሩት 12 ቁጥሮች ሁለቱ በ66፤ የእነሱ ምልክት በ16። ሲባዛ 82,368። እነዚህን ሁሉ ምን ታደርጓቸዋላችሁ? ሦስት አቻ ስለሚበልጥ ጆከሩን ከጥንዱ ጋር ታሰልፉታላችሁ። እንግዲህ ሦስት አቻ ወደ 137,280 ያድጋል፤ ሁለት ጥንድ እዚያው 123,552 ላይ ይቀራል። ብርቁ ሁለት ጥንድ ሆነ።

ቀላል ነው፣ ደረጃውን እንገልብጠው ትሉ ይሆናል። ገልብጡት። ሁለት ጥንድ ከሦስት አቻ ይበልጥ። አሁን ያንኑ እጅ ስታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ጆከሩን ከአንዱ ነጠላ ካርታ ጋር አጣምራችሁ «ሁለት ጥንድ» ትላላችሁ። 82,368ቱ እንዳሉ ወደዚያ ይሻገራሉ፦ ሁለት ጥንድ 205,920፣ ሦስት አቻ 54,912። እንደገና ተሳሳትን! የቱንም ከላይ ብታደርጉ ከላይ ያደረጋችሁት ይበዛል። ትክክለኛ ደረጃ ገና አልተገኘም ማለት አይደለም፤ የለም። ጆን ኤመርትና ዴል አምባክ የተባሉ የሒሳብ ሰዎች ይህን ጣጣ በ1996 እ.ኤ.አ. ቻንስ በተባለው የስታቲስቲክስ መጽሔት ላይ ጽፈውበታል።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ ይህን ሲያይ ፊድባክ ይለዋል፦ ውጤቱ ተመልሶ መነሻውን ይቀይራል። ደረጃው ከቆጠራው ይወጣል ብለን ነበር የጀመርነው። ነገር ግን ተጫዋቹ መምረጥ ከቻለ የሚመርጠው ደረጃውን አይቶ ነው፤ ቆጠራው ደግሞ በእሱ ምርጫ ላይ ይንጠለጠላል። ብርቅነት የካርታው ብቻ ጠባይ መሆኑ ያከተመው እዚህ ላይ ነው። መማሪያዎቹ የሚዘሉት ነጥብም ይኸው ነው፤ ቀመሩን ያስተምራሉ፣ ቀመሩ ማንም እንደማይመርጥ አስቀድሞ መገመቱን ግን አይነግሩንም።

ጥፋቱ የጆከር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቴክሳስ ሆልድም እያንዳንዱ ተጫዋች ከሰባት ካርታ ምርጥ አምስቱን ይይዛል፤ ካርታው ተራው 52 ነው፣ ጆከር የለም። ከ133,784,560 የሰባት ካርታ ስብስቦች ውስጥ ምርጡ እጅ አንድ ጥንድ የሚሆነው በ58,627,800ዎቹ (43.8 በመቶ) ነው፤ ባዶ እጅ የሚሆነው በ23,294,460ዎቹ (17.4 በመቶ) ብቻ። ባዶውን ከጥንድ በላይ እናድርገው? ጥንድ የያዘ ሰው ከሰባቱ ካርታ ስድስት የተለያየ ቁጥር አለው። ከጥንዱ አንዷን ይጥልና አምስት የተለያዩ ይመርጣል፤ ያው ባዶ እጅ ሆነ። አንድ ጥንድ የተባለው ሁሉ ከገበታው ይጠፋል።

ታዲያ ጆከር ያለበት ጨዋታ እንዴት ይስተካከል? ደረጃውን ትታችሁ የምርጫውን መጠን ቀንሱ። ፓይ ጋው ፖከር የሚባለው ጨዋታ በ53 ካርታ ነው የሚካሄደው፤ ጆከሩ ግን ወይ ኤስ ይሆናል፣ ወይ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ቁጥር) ወይም ፍላሽ ያሟላል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። ይህን ደንብ ብቻ ወስደን ወደ አምስት ካርታችን እናምጣው። ጆከሩ ሦስት አቻ የሚሠራው ከሁለት ኤስ ጋር ሲሆን ብቻ ነው፤ 6 × 66 × 16፣ ማለትም 6,336 ይጨምራል፤ ኤስ ያልሆነ ሦስት አቻ ከአንድ ኤስ ያልሆነ ነጠላ ካርታ ጋር ሲመጣ ደግሞ ጆከሩ ነጠላ ኤስ ሆኖ 12 × 4 × 44፣ ማለትም 2,112 ይጨመራል፣ ድምሩ 63,360። ሁለት ጥንድ የሚሠራው ደግሞ አንድ ኤስ፣ አንድ ሌላ ጥንድና አንድ ነጠላ ካርታ ሲኖሩ ነው፤ 4 × 72 × 44፣ ማለትም 12,672 ይጨምራል፤ ኤስ የሌለባቸው ሁለት ጥንዶች ከጆከር ጋር ሲመጡም ጆከሩ ነጠላ ኤስ ሆኖ 66 × 36፣ ማለትም 2,376 ይጨመራል፣ ድምሩ 138,600። ሁለቱ እጆች ወደ ድሮ ቦታቸው ተመለሱ። ሁለተኛ ጆከር ብትጨምሩ ይጸናሉ ወይ? ማባዛቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።