ስለ ዲ.ዲ.ቲ. የእንፋሎት ግፊት፤ በመጻሕፍት የሚገኘው ቁጥርና የቆላው ሙቀት

ዲ.ዲ.ቲ. ከተረጨበት ግድግዳ ወደ አየር የሚወጣው እጅግ በዝግታ ነው። ወደ አየር የመውጣት ኀይሉ የሚታወቀው በእንፋሎት ግፊቱ ነው። በማውጫ መጻሕፍት ለዚህ ግፊት ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸውም በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.00000015 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ዓላማችን ቁጥሩ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም፤ ብቻውን ሲጠቀስ እንደ ገለጉ ላለው ቆላ አሳሳች መሆኑን ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ለለኪዎቹ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ይህን ያህል ያነሰ ግፊት በተራ የሜርኩሪ መለኪያ አይነበብም። ባልሰን በ1947 እ.ኤ.አ. የለካው፣ እንፋሎቱ አየር ከወጣለት ዕቃ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያመልጥ በማድረግ ነው። ስፔንሰርና ክላያዝ ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. በዲ.ዲ.ቲ. ላይ ጋዝ በዝግታ አሳልፈው፣ ጋዙ ይዞት የወጣውን በመለካት በ30 ዲግሪ 0.00000073 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል አገኙ። የሁለቱ ልዩነት ከሙቀቱ ልዩነት የሚጠበቀው ነው፤ ስለዚህ ሥራቸው እርስ በርሱ ይደጋገፋል። ነቀፌታችን ቁጥሩን ከነሁኔታው በማይጠቅሱት ላይ ነው።

አንደኛው ጉድለት ሙቀትን መዘንጋት ነው። የቋራ ወረዳ ከተማ በሆነችው በገለጉም ሆነ በመተማ፣ በበጋው መጨረሻ የቀትር ሙቀት 40 ዲግሪን የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ስንወጣ፣ በታወቀው የክላውዚየስና የክላፔይሮን ሕግ መሠረት፣ የዲ.ዲ.ቲ. የእንፋሎት ግፊት ሃያ እጥፍ ያህል ያድጋል። ለደጋ ክፍል የሚስማማውን ቁጥር ሳያሰሉ ወደ ቆላ ማውረድ ትልቅ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው የንጽሕና ጉዳይ ነው። ለርጭት የሚሠራው ዲ.ዲ.ቲ. ድብልቅ ነው። ከዋናው ከፓራ ፓራ ዓይነት ሌላ ኦርቶ ፓራ የሚባለውም አለበት፤ የዚህኛው የእንፋሎት ግፊት ከዋናው ሰባት እጥፍ በላይ ነው። በሌላ በኩል የጭቃ ግድግዳ መድኀኒቱን ወደ ውስጥ መጥጦ ይይዘዋል። ስለዚህ የንጹሑ ነገር ቁጥር የግድግዳውን ጠባይ በቀጥታ አይነግረንም።

ሦስተኛው በግምት የተገኘን ቁጥር ከተለካው ጋር ማደባለቅ ነው። አንዳንድ ቀመሮች የሚነሡት ከፍላት ነጥብ ነው፤ ዲ.ዲ.ቲ. ግን በተራ የአየር ግፊት ሳይፈላ ይበታተናል። በጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚገኘው ደግሞ ሳይረጋ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ የሚኖረው ግፊት ነው፤ በ25 ዲግሪ ከጠጣሩ ስድስት ሰባት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይህ ሳይገለጽ ሁለቱ በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንባቢው ለኪዎቹ የተጣሉ ይመስለዋል።

ነገሩ የቁጥር ክርክር ብቻ አይደለም። በአገራችን የወባ ማጥፊያ ድርጅት ከተቋቋመበት ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዲ.ዲ.ቲ. በወባማ አካባቢዎች ቤቶች ይረጭ ነበር። የስቶክሆልም ስምምነትም በ2001 እ.ኤ.አ. ሲፈረም ለበሽታ አስተላላፊ ነፍሳት መከላከያ ብቻ ፈቀደው። መድኀኒቱ ቶሎ ከተነነ የግድግዳው ኀይል አስቀድሞ ያልቃል፤ በቤቱ የሚያድረው ቤተ ሰብ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው ሠራተኛም የሚተነፍሰው ይበዛል። ይህ ሐሳብ ዲ.ዲ.ቲ.ን ለተካ መድኀኒት ሁሉ ይሠራል።

ስለዚህ በእኛ በኩል የምናሳስበው ይህን ነው፤ ማንኛውም የእንፋሎት ግፊት ሲጠቀስ ሙቀቱ፣ ንጽሕናው፣ ጠጣር ወይም ፈሳሽ መሆኑና የተገኘበት ዘዴ አብረው ይጻፉ። ጋዝ የማሳለፉ ዘዴ ትዕግሥትና ጥንቃቄ ይጠይቃል እንጂ ለተማሪ የሚከብድ አይደለም። በ20፣ በ30ና በ40 ዲግሪ ተለክቶ፣ ከቆላ በመጣ ጭቃ ላይም ቢደገም፣ ውጤቱ ከተገለበጠ ሰንጠረዥ ይልቅ ለገለጉ ነዋሪ ይጠቅማል።