የክሬዲት ዝውውርና የመለኪያው ጉድለት

አንድ ተማሪ ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ ሲዛወር ይዞት የሚሄደው ማስረጃ የኮርሱን ስም፣ የተገኘውን ማርክና የክሬዲቱን ብዛት የያዘ ትራንስክሪፕት ነው። ተቀባዩ ኮሌጅ ተማሪው ምን እንደ ተማረ የሚፈርደው ከዚሁ ተነሥቶ ነው። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ስለዚህ ጉዳይ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህም ከመለኪያው አመጣጥ የመጣ ነው። በአሜሪካ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የካርኔጊ ድርጅት ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ መስጠት ሲጀምር፣ የዕድሉ ተካፋይ የሚሆኑት ኮሌጆች ተማሪ የሚቀበሉት በተወሰነ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሰዓት መሠረት እንዲሆን ጠየቀ። የኮሌጁ ክሬዲት ሰዓትም የተስፋፋው ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር ነው። እንግዲህ ለአስተዳደር ምቾት የተበጀ መሣሪያ የዕውቀት ሚዛን ሆኖ ሲሠራበት ኖሯል ማለት ነው። ውጤቱም በዚያው አገር ታይቷል፤ የአሜሪካ ኮንግሬስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ከ2004 እስከ 2009 የተዛወሩ ተማሪዎች በግምት 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን ማጣታቸውን ገልጿል።

በኢትዮጵያ ችግሩ ሌላ ችግር ተጨምሮበታል። ለረጅም ዘመን ሲሠራበት በኖረው በአሜሪካው ክሬዲት ሰዓት ላይ፣ ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሞጁል ትምህርት ጋር የአውሮፓው መለኪያ ታከለበት። በአሜሪካው ልማድ አንድ ክሬዲት ማለት ለ15 ሳምንት ያህል በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርትና ሁለት ሰዓት የግል ጥናት፣ በጠቅላላው 45 ሰዓት ነው። የአውሮፓው ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራን ይወክላል። በሰዓት ሲሰላ የሦስት ክሬዲት ኮርስ 135 ሰዓት ስለሆነ፣ ለአንዱ 27 ሰዓት ቢያዝ 5 ይሆናል። በዓመት ድርሻ ሲሰላ ግን የአሜሪካው ዓመት 30፣ የአውሮፓው 60 ስለሆነ ያው ኮርስ 6 ይወጣዋል። አሥራ ሁለት እንዲህ ያሉ ኮርሶችን የጨረሰ መምህር በአንደኛው ስሌት 60፣ በሁለተኛው 72 ያገኛል። ልዩነቱ የአንድ ዓመት ትምህርት አንድ አምስተኛ ነው። በየክረምቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ለሚማር መምህር ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም!

አንዳንዶች ክሬዲት አለመቀበልን የጥራት ጥበቃ አድርገው ይቆጥሩታል። ሐሳቡ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ ያለ ላቦራቶሪ የተሰጠ የኬሚስትሪ ኮርስ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ላቦራቶሪ ካለው ጋር እኩል ሊሆን አይችልም። ነገር ግን መርሐ ትምህርቱን ሳያነብ «አይያዝም» የሚል ኮሌጅ ስለ ጥራት ተከራክሯል ለማለት ያስቸግራል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች፣ ለምሳሌ ጠቅላላ ሳይኮሎጂና ሎጂክ፣ በአንድ ሞጁል ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ በእነርሱ ዝውውር ላይ ክርክር የሚነሣበት ምክንያት የለም። አስቸጋሪዎቹ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት የዋና ትምህርት ኮርሶች ናቸው። በእነዚህ ላይ ሬጅስትራሩ ብቻውን ከሚወስን፣ ላኪው ኮሌጅ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር ከትራንስክሪፕቱ ጋር አያይዞ ቢልክ፣ ትምህርቱን የሚያስተምረው ክፍልም መርምሮ ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ ለተማሪው ቢሰጥ ይሻላል።