የተለጠፈው ሰማይ



በክረምት ወራት ከዐስር ሶላት በኋላ በገርጂ፣ በሰሚት ወይም በአያት በኩል ቆሞ ወደ የረር የተመለከተ ሰው ምን እንደሚያይ ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ ተቀምጧል። በላዩ ደመናው ይከመራል፤ ከሥሩ ይጠቁራል፤ አናቱ ደግሞ በምታዘቀዝቀው ፀሐይ ተመቶ የተባዘተ ጥጥ ይመስላል። ጥቂት ቆይቶ ነጎድጓዱ ይሰማል፤ ልብስ ያሰጣች እናትም ልጆቿን ትጠራለች። ሱብሓነላህ! አላህ (ሱ.ወ.) ደመናን እንደሚነዳ፣ እንደሚያገናኝና እንደሚከምር፣ ዝናቡም ከመካከሉ ሲወጣ እንደምናይ በሱረቱ አን-ኑር 43ኛው አንቀጽ አስተምሮናል። ይህን ትዕይንት በየዓመቱ እናየዋለን። ስንቶቻችን አስተንትነነዋል?

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በአንድ ዘመዴ ሳሎን የተሰቀለ ትልቅ ፎቶግራፍ ነው። ከፊት የሰፈሩ መስጊድ ሚናራ ቆሟል። ከጀርባው የረር ይታያል። ከየረር በላይ አስፈሪ ጥቁር ደመና ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ የወጣው ብርሃን ሚናራው ላይ ያርፋል። እንግዳ ሁሉ «ማሻአላህ!» ይላል። እኔም ብያለሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ስመለከተው ግን የሚናራው ጥላ ዓይኔን ያዘው። ጥላው ወደ ተራራው፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ተዘርግቷል። ጥላ ወደ ምሥራቅ የሚወድቀው ፀሐይ በምዕራብ ስትሆን ነው። በሰማዩ ላይ ግን ፀሐይ ከየረር ጀርባ ሆና ታበራለች። ለአንድ መስጊድ በአንድ ሰዓት ሁለት ፀሐይ ወጥታለት ይሆን? ሣሩንም አየሁት፤ በበጋ የደረቀ ቢጫ ሣር ነው። ምድሩ የጥር፣ ሰማዩ የሐምሌ ሆነብኝ። ዘመዴን ብጠይቀው ፈገግ ብሎ፣ «ሰማዩ እንኳ የሌላ አገር ነው። የዚያን ቀን ደመና ስላልነበረ ባዶ እንዳይሆን ብለው ፎቶ ቤት ቀየሩልኝ» አለኝ።

ውድ አንባቢያን! ከመፍረዳችን በፊት ፍትሐዊ እንሁን። ተራራና ደመናን በሥዕል ማስቀመጥ በራሱ ነውር የለበትም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በሥዕል ሙያ የሚተዳደርን ሰው፣ መሳል ካለብህ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር ሣል ብለው እንደመከሩት ተዘግቧል። ፎቶግራፍን ማስተካከልም ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። የሰው ዓይን ደማቁን ሰማይና ጨለም ያለውን ምድር በአንድ ጊዜ አጣጥሞ ያያል፤ ካሜራ ግን ይህን ያህል አይችልም። ለምድሩ ሲመጥን ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆንበታል፤ ለሰማዩ ሲመጥን ምድሩ ይጠቁርበታል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች በጥቁርና ነጭ ፊልም ሲያነሱ ሌንሱ ላይ ቢጫ ወይም ቀይ መስታወት ያደርጉ ነበር፤ ሰማያዊው ሲጠቁር ደመናው ነጥሮ ይወጣል። በጨለማ ክፍል ሲያትሙም ምድሩን በእጃቸው ወይም በካርቶን ጋርደው ለሰማዩ ተጨማሪ ብርሃን ይሰጡታል። ዛሬ ይኸው ሥራ በኮምፒዩተር ይሠራል። ይህ ሁሉ ዓይን ያየውን ወደ ወረቀቱ የመመለስ ጥረት ነው፤ ደመናው በቦታው ነበርና።

ያልነበረ ሰማይ ማምጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ባሕሩን በአንድ ኔጋቲቭ፣ ሰማዩን በሌላ እያነሳ አንድ ላይ ያትም ነበር። የዘመኑ ኔጋቲቭ ሁለቱን አጣጥሞ መያዝ ስለማይችል ችግሩ እውነተኛ ነበር። ይሁንና ያው አንድ ደመና በተለያዩ ባሕሮች ላይ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 ደግሞ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የጊዛን ፒራሚዶች ለሽፋኑ እንዲመቹ በኮምፒዩተር አቀራረባቸው፤ ስሕተት መሆኑን መጽሔቱ ኋላ አምኗል። ያኔ ውድ መሣሪያ ይጠይቅ የነበረው ነገር ዛሬ ቀሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 ፎቶሾፕ ሰማይን በአንድ ትእዛዝ የሚቀይር አገልግሎት ጨመረ፤ ዛሬ በእጅ ስልክም ይሠራል።

«ታዲያ ምን ጉዳት አለው? መስጊዱን ያስወድዳል፤ ኢማን ይጨምራል» የሚል አይጠፋም። ዘመዴም ያለኝ ይህንኑ ነው። መልሱን ግን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት እንፈልገው።

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተበት ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም ፀሐይ የተጋረደችው ለኢብራሂም ሞት ነው ማለት ጀመሩ። ልብ በሉ! አባት ልጁን ቀብሯል፤ ሕዝቡም በራሱ ተነሳስቶ ሰማይ አዘነላቸው እያለ ነው። ዝም ቢሉ ኖሮ ክብራቸው በሰው ዓይን በጨመረ ነበር። እርሳቸው ግን ዝም አላሉም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ሰውንም ወደ ሶላትና ዱዓእ መሩ። በእውነተኛ ሰማይ ላይ የሰው የተሳሳተ ትርጉም እንዲለጠፍ ያልፈቀዱ ነቢይ ተከታዮች ሆነን፣ ለመስጊዳችን ክብር ብለን ሰማዩን ራሱን እንለጥፋለን?

ሌላም ታሪክ አለ። በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ መትቶት ነው ሲል፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ገሠጹት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። እህሉ እርጥብ መሆኑ ወንጀል አልነበረም። ወንጀሉ መሸፈኑ ነው። የፎቶግራፉም ጉዳይ እንዲሁ ነው። «ሰማዩ ከሌላ ፎቶ የመጣ ነው» ብሎ ከግርጌው የጻፈበት ሰው ማንንም አላታለለም። ዝም ብሎ «የረር ከመስጊዳችን ሲታይ» ያለ ግን እርጥቡን እህል ከሥር ደብቋል።

ጉዳቱም በሳሎን አይቀርም። የአላህ ስም በደመና ተጽፎ ታየ የሚሉ ምስሎች በየስልኩ ሲዘዋወሩ እናያለን። በኮምፒዩተር የተሠራውን ምስል እንደ ተአምር ለልጃችን ያሳየነው እንደሆነ፣ ነገ ልጁ አሠራሩን ሲያውቅ የሚጠረጥረው ምስሉን ብቻ ነውን?

ደግሞም በ2012 ዓ.ም ታኅሣሥ ወር በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ በ2013 ዓ.ም በትግራይ ጦርነት ታሪካዊው የነጃሺ መስጊድ ሲጎዳ፣ የሆነውን ለሩቁ ሰው ያሳዩት ፎቶግራፎች ናቸው። ለውበት ብለን በመስጊድ ፎቶ መዋሸትን ከለመድን፣ እንዲህ ባለው የመከራ ቀን «ይህም የተቀነባበረ ነው» ለሚለን ምን ልንመልስ ነው?

በመጨረሻም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የነገሩንን እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደመና ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጥ፣ ይገቡና ይወጡ ነበር፤ ሲዘንብ ጭንቀታቸው ይለቃቸዋል። የዓድ ሕዝቦች የመጣባቸውን ደመና ዝናብ ያመጣልን ነው ብለው እንደተደሰቱና ቅጣት ሆኖ እንደደረሰባቸው ያስታውሱ ነበርና። ለእርሳቸው ደመና ጌጥ አልነበረም። ተስፋም ፍርሃትም ነበር። የተለጠፈ ደመና ግን አይዘንብም፤ አያስፈራምም።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ፎቶ ስታሳጥቡ ባለሙያው ብርሃኑን ቢያስተካክል አትከልክሉት፤ ሰማዩን ግን ይተውላችሁ። የጥር ሰማይ ደመና ከሌለው ጥርት ብሎ ይታተም፤ እርሱም የአላህ ሥራ ነው። የሐምሌውን የፈለገ ሐምሌ ድረስ ይታገሥ። ያኔ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከዐስር በኋላ ወደ የረር ተመልከቱ። ዝናቡ ሲጀምርም ጠቃሚ ዝናብ እንዲያደርገው አብራችሁ ዱዓእ አድርጉ።

አላህ እውነትን ከሚናገሩትና ምልክቶቹን ከሚያስተነትኑት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።