«ቫይረስ በላው»፦ ስለ አንድ የተውሶ ቃልና ስለ ብያኔው

ሙያዊ ቃላት በሚወጠኑበት ጊዜ ዘወትር የሚነሣው ክርክር ባዕዱን ቃል እንዳለ እንቀበለው ወይስ በአገር ቃል እንተካው የሚል ነው። «ቫይረስ» በተሰኘው የኮምፒዩተር ቃል ላይ ይህ ክርክር አልቋል። ሕዝቡ ተቀብሎታል፤ እኛም ይውጣ አንልም። ያላለቀው የብያኔው ነገር ነው፤ ይኸውም ቃሉን ስንቀበል ምን ማለት እንደሆነ ለተጠቃሚው ሳንነግረው ቀርተናል።

ከቃሉ ጋር የሚሄዱትን ግሦች ልብ ይሏል። «ኮምፒዩተሩ ቫይረስ ገባበት»፣ «ፍላሹ ቫይረስ አለበት»፣ «ፋይሌን ቫይረስ በላው» እንላለን። «ገባበት» ነቀዝ የገባበትን እህል ያስታውሳል። «አለበት» የኤች አይ ቪ ዘመን ቅርስ ነው፤ ያን ጊዜ «ቫይረሱ አለበት» ሲባል የትኛው ቫይረስ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው «በላው» ነው። የተበላ ነገር አይመለስምና ሰሚው ተስፋ ይቆርጣል፤ የቀረውንም እንደ ረከሰ ዕቃ ቆጥሮ ለማስጠረግ ይቸኩላል።

ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገጠር ያጠናቀራቸውን የንብ ርባታ ቃላት በፍላሽ ይዞ ለማሳተም ወደ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ሄዶ ነበር። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ በሙሉ የአቋራጭ ምልክት ሆነው ታዩ። የቤቱ ባለሙያ «ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ይደረግ?» ሲል ጠየቀ፤ ይህ ጸሐፊም ፈቀደ። ኋላ እንደተረዳነው ግን የዚያ ዓይነቱ ፕሮግራም ፋይል አይበላም። ፎልደሮቹን ስውር የሚል ምልክት ሰጥቶ ከዓይን ያርቃቸዋል፤ በቦታቸው ስማቸውን የያዘ አቋራጭ ያኖራል፤ ባለቤቱ አቋራጩን በተጫነ ቁጥርም ራሱ ይነሣል። የተሰወሩ ፋይሎች ይታዩ ብሎ ማዘዝ ብቻ ይበቃ ነበር። ቃላቱን ያጠፋቸው ፎርማቱ ነው፤ ፎርማቱን ያስፈቀደው ደግሞ «በላው» የሚለው ግሥ።

ወደ ብያኔው እንመለስ። ፍሬድ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ጥናት ቫይረስን ሲበይነው፣ ሌሎች ፕሮግራሞችን እየለወጠ የራሱን ቅጂ የሚጨምርባቸው ፕሮግራም ነው ይላል። ስያሜውን ያመጣለት መምህሩ ሌን ኤድልማን ነበር። በዚህ ብያኔ ውስጥ ዋናው ነገር መጨመር ነው። ቫይረሱ ብቻውን አይቆምም፤ የተጠጋበት ፕሮግራም ካልተነሣም አይነሣም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች «ተሐዋሲ» የሚለውን አቻ ያቀርባሉ። «ተሐውሰ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ በመሆኑ ተንቀሳቃሽ ማለት ነው። ቃሉ ያምራል፤ ነገር ግን በራሱ ለማይንቀሳቀስ ነገር «ተንቀሳቃሽ» የሚል ስም መስጠት ይሆናል። «ተውሳክ» የተሻለ ነው። ቃሉን የቋንቋ ሰው ሁሉ «ተውሳከ ግሥ» ከሚለው ያውቀዋል፤ በባሕረ ሐሳብም በመጥቅዕ ላይ የሚታከለው የዕለት ቁጥር ተውሳክ ይባላል፤ የሰኞ 6 ነው። «ጥገኛ ተውሳክ» ሲባል ደግሞ በሌላ አካል ላይ የሚኖር ጎጂ ነገር ማለታችን ነው። ጭማሪነቱንም ጥገኝነቱንም በአንድ ጊዜ የሚይዝ ቃል በእጃችን አለ ማለት ነው። ስሙ ቫይረስ ሆኖ ቢቀር እንኳ ብያኔው በዚህ ቃል ይጻፍ። ይህን የተረዳ ተጠቃሚ፣ ሳይታደስ መጠኑ የጨመረ የፕሮግራም ፋይል ሲያይ ይጠረጥራል፤ መድኃኒቱም ጭማሪውን መንቀል ወይም ፕሮግራሙን ከንጹሕ ምንጭ መተካት እንደሆነ ያውቃል። (የኮምፒዩተር ማዝገም ብቻውን ምልክት አይደለም፤ እርጅናም ያዘገማል።)

«ትል» ከዚህ የተለየ ነው። ስያሜው ጆን ብረነር እ.ኤ.አ. በ1975 ካሳተመው ልቦለድ ተወስዶ በ1982 በዜሮክስ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ሙያዊ ቃል ሆነ። ትል ጥገኛ አይደለም፤ በመረብ ላይ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በራሱ ይሄዳል። በኅዳር 1988 እ.ኤ.አ. ኢንተርኔትን ያናወጠው፣ በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የጠየቀው ዋናክራይም ትሎች ነበሩ። የኋለኛው የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት በማይክሮሶፍት ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ለትል የመጀመሪያው እርምጃ ከመረቡ መነጠል፣ ሁለተኛውም ቀዳዳውን መድፈን ነው፤ ቀዳዳው ክፍት ሳለ የጸዳ ኮምፒዩተር ተመልሶ ይያዛል። ሁሉን «ቫይረስ» ብሎ የተረጎመ ተርጓሚ ይህን ቅደም ተከተል ከአንባቢው ነጥቋል።

«የትሮይ ፈረስ» ቃል በቃል ሲተረጎም አይናገርም፤ በአማርኛ ፈረስ የክብር እንጂ የማታለል ምልክት አይደለም። «ሠርጎ ገብ» የሚሉትም አልተሳካላቸውም። ሠርጎ ገብ በራሱ ብልሃት ይገባል፤ ይህኛውን ግን ጠቃሚ መስሎት በሩን የሚከፍትለት ባለቤቱ ነው። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ የሚለው አነጋገር ስላለን «ለምድ ለባሽ» ብንለው ሐሳቡ ይሟላል። ፋይሉን ከማጥፋት በቀር ከሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር የይለፍ ቃላትን መለወጥም ያስፈልጋል፤ እንግዳው ቤት ሳለ ምን እንዳየ አይታወቅምና።

ድንበሮቹ ሁልጊዜ ጥርት ያሉ ናቸው አንልም። በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል የተሠራጨው ፕሮግራም በአካሄዱ ትል፣ በአመጣጡ ለምድ ለባሽ ነበር። ከላይ የተነገረው የፍላሽ ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው። ለእነዚህ ሁሉ የወል ስም የሚሆነው «ጎጂ ፕሮግራም» ነው፤ ዝርያው በማይታወቅበት ጊዜም ከ«ቫይረስ» ይልቅ እርሱን መጻፍ ይሻላል።

ከመከላከያ ቃላት ሁለቱን ብቻ እናንሣ። ጸረ ቫይረሱ «ኳራንቲን» የሚለውን አንዳንዶች «ማስወገድ» ብለው ይተረጉሙታል። ይህ ስሕተት ነው፤ ፋይሉ አልጠፋም፤ እንዳይነሣ ተገልሏል፤ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘም ይመለሳል። ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን የማያውቅ የለምና ያለ ማብራሪያ ይግባ። «ፎርማት»ን በ«ቅርጸት» መተርጎም ግን ለጽሑፍ ገጽ እንጂ ለፍላሽ አይሆንም። «ቅርጸት ላስይዘው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ፋይሉ እንደሚጠፋ በምን ያውቃል? «ጠርጎ ማዘጋጀት» ይባል፤ የሚጠየቀውም «ያለውን ሁሉ ልጥረገው?» ተብሎ ይሁን።