ከድምሩ በፊት ኩርባው

የንዝረት ፍተሻ ሪፖርት እጄ ሲገባ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ፒኤስዲው ኩርባ (ንዝረቱ በየድግግሞሹ እንዴት እንደተከፋፈለ ወደሚያሳየው) ነው፤ ጠቅላላው የጂ አርኤምኤስ ቁጥር (የንዝረቱ አማካይ ጥንካሬ) ቆይቶ ይደርሳል። ያ ቁጥር ድምር ነው። ንዝረቱ የትኛው ድግግሞሽ ላይ እንደተከማቸ አይነግረኝም፤ ዕቃን የሚሰብረው ግን ይኸው ነው።

የሮኬት ወይም የኮረኮንች መንገድ ንዝረት የዘፈቀደ ነው፤ ነጠላ ድግግሞሽ የለውም። በተራ ኤፍኤፍቲ (ንዝረትን ወደ ድግግሞሾቹ በሚበትነው ስሌት) ስናየው የስፔክትረሙ መስመሮች ቁመት እንደ ምርጫችን ይለዋወጣል። የመስመሮቹን ርቀት ከ1 ኸርዝ ወደ 4 ኸርዝ ብናሰፋው፣ ንዝረቱ ያው ሆኖ ሳለ ቁመቱ እጥፍ ይሆናል። ፒኤስዲ የቁመቱን ካሬ ለመስመሮቹ ርቀት ያካፍላል፤ መለኪያውም ጂ ስኩዌር በኸርዝ የሆነው ለዚህ ነው። ገበሬም ኩንታሉን ብቻ ሰምቶ ማሳው ለም ነው አይልም፤ በሄክታር ስንት ብሎ ይጠይቃል። (በደቂቃ 1500 ዙር የሚሽከረከር ሞተር 25 ኸርዝ ላይ ለሚያወጣው ነጠላ ንዝረት ግን ተራው ስፔክትረም ይሻላል፤ በፒኤስዲ ላይ የሱ ቁመት ነው የሚዋዥቀው።)

የናሳው ጎዳርድ ማዕከል ለአነስተኛ የሳተላይት ክፍሎች ያወጣውን የብቃት ፍተሻ እንይ። ከ20 እስከ 2000 ኸርዝ ይዘልቃል፤ ከ50 እስከ 800 ኸርዝ 0.16 ጂ ስኩዌር በኸርዝ ነው፤ ከኩርባው ሥር ያለው ስፋት ካሬ ሥሩ ሲወሰድ 14.1 ጂ አርኤምኤስ ይሰጣል። አሁን 200 ኸርዝ ላይ ሬዞናንስ ያለው፣ እዚያም ንዝረቱን 10 እጥፍ የሚያጎላ የአሉሚኒየም ድጋፍ ሼከሩ (አንቀጥቃጩ ማሽን) ላይ እንሰር። ተመራማሪው ማይልስ በ1954 ባወጣው ቀመር ድጋፉ በ22.4 ጂ አርኤምኤስ ይናወጣል። ያንኑ 14.1 ከ800 እስከ 2000 ኸርዝ ባለው ላይ ብቻ ብናፈሰው፣ ድጋፉ የሚሰማው 1 ጂ አርኤምኤስ እንኳ አይሞላም። በሁለቱም ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ድምር አንድ ነው! ለዚህ ነው ያለ ኩርባ የመጣ ሪፖርት ላይ የማልፈርመው።

ኩርባውም ቢሆን የሚታመነው በቂ አማካይ ሲወሰድለት ነው። ከልኬቱ በተቆረጡ 4 ቁራጮች ብቻ የተሠራ ፒኤስዲ የስህተቱ መጠን 50 በመቶ ገደማ ነው፤ በ100 ቁራጭ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። የዚያ ድጋፍ ሬዞናንስ ስፋት 20 ኸርዝ ያህል ስለሆነ የ4 ኸርዝ ርቀት አምስት መስመር ያሳርፍበታል። አንዱ ቁራጭ ሩብ ሰከንድ ይወስዳል፤ መቶው 25 ሰከንድ። ሼከሩ እየሠራ ያንን ያህል መታገሥ ከባድ አይደለም፤ ቸኩሎ ያቆመውን ሰው መልሼ አስለካዋለሁ።