ከመስታወቱ ሥር የታጠፈ እግር

ሰሞኑን አንድ ደንበኛ የተጠገነለትን የበር ሴንሰር ሞከረ። በሩን ሲከፍት አላርሙ ጮኸ፤ «እጅህ ይባረክ!» ብሎ ከፈለ። አንጀቴ አረረ። የጮኸ ሁሉ ጥሩ ሥራ አይደለም።

ማግኔቱ በበሩ፣ ሪድ ስዊቹ በመቃኑ ላይ እንደሚገጠም የማያውቅ የለም። እኔ የማየው የስዊቹን እግር ነው። ዋልተር ኤልዉድ እ.ኤ.አ. በ1936 በቤል ላብራቶሪዎች የፈጠረው ይህ ዕቃ በመስታወት ውስጥ የታሸጉ ሁለት ስስ የብረት ምላሶች ነው፤ ማግኔት ሲቀርብ ይነካካሉ፣ ሲርቅ ይላቀቃሉ። የሴንሰሩን ሽፋን ክፈቱና እዩ፤ እግሩ ከመስታወቱ ሥር ከታጠፈ መስታወቱን ስለሚሰነጥቀው ሥራው ወድቋል። ስንጥቁ ከፀጉር ይቀጥናል፤ በአጉሊ መነጽር ብርሃን ላይ ስታዞሩት ብረቱ ከመስታወቱ በሚወጣበት አንገት ላይ ብልጭ ይላል። የታሸገው ጋዝ በዚያ ይወጣል፣ እርጥበት ይገባል። በጋውን ይሠራል፤ ክረምት ሲመጣ መነካኪያው ይበላሽና በሩ እንደተዘጋ ሌሊት ይጮኻል። ባለቤቱ ሲሰለቸው ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ዝም ያሰኘዋል። ያ በር ከዚያ ወዲያ ጠባቂ የለውም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ እግሩን ከማጠፋቸው በፊት በመስታወቱና በማጠፊያው መካከል በቀጭን ፒንሳ ጥርቅም አድርገው ይይዙት ነበር፤ ጫናው ፒንሳው ላይ ያርፋል። ከዚያ ጆሯቸው ሥር አድርገው ማግኔት ያስጠጉለታል። አንድ ቀን ስድስት አጥፌ ብሰጣቸው አራቱን ምንም ሳይናገሩ ቅርጫት ውስጥ ጣሉ። የቀሩትን ሁለት እንድበይዳቸው ሲሰጡኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሆል ሴንሰር እያለ ምን አደከመህ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ሆል ሴንሰር ማግኔትን በኤሌክትሪክ ስለሚለይ የሚነካካ ምላስ የለውም፤ መስታወትም የለው። ግን ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ሪድ ስዊች ራሱ ምንም አይፈጅም። ስለዚህ ለባትሪ ዕቃ ሪድ ነው። ሰው በማግኔት ሊያታልለው ለሚሞክር ቆጣሪ ግን የማግኔት መስክን በሦስት አቅጣጫ የሚለካ ሆል ሴንሰር ይሁን፤ ባዕድና ከልክ ያለፈ ማግኔት ሲጠጋው ያውቀዋል። ተራ ሪድ የራሱን ማግኔት ከሌባው አይለይም፤ በሩ ተከፍቶ ሌላ ማግኔት ብታስጠጉበት ዝም ካለ፣ ለመጋዘን አትመኑት።

ላሜራ በር ላይ ደግሞ ብረቱ የማግኔቱን ኃይል ስለሚስብ ከማግኔቱ ሥር ፕላስቲክ ይግባበት።

እንግዲህ «እጅህ ይባረክ» ከማለታችሁ በፊት ሠራተኛውን እግሩን በፒንሳ የት ላይ እንደያዘው ጠይቁት። ቦታውን በጣቱ ካላሳያችሁ አትክፈሉ።