ውኃ የማያውቁ ቁምጣዎች

መርካቶ ውስጥ ከእናትና ከአባት በቀር የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ ልጨምርበት ነው፤ ለመዋኘት ታስቦ የተሰፋ የወንድ ቁምጣ። «የዋና ቁምጣ» የሚባለውማ ሞልቶ ተርፏል። ከስፖርት ልብስ ሱቆች ደጃፍ ተሰቅሎ፣ የዘንባባ ዛፍ ታትሞበት፣ ጀንበር ስትጠልቅ ተስሎበት፣ ነፋስ ሲያውለበልበው ይውላል። ግራና ቀኝ ኪስ አለው። አንዳንዱ ከኋላም ባለ መዝጊያ ኪስ ተጨምሮለታል። ከውኃ በታች ምን ሊገበይበት እንደሆነ የሰፋው ይወቀው።

ብዙ ዓመት የሰው ድርሰት እያገላበጥኩ «ደራሲው ይህን የጻፈው ለማን ነው?» እያልኩ ተማሪ ሳደርቅ ስለኖርኩ፣ ልብስ ሳይም ያው አመሌ አይለቀኝም። ያ ባለ ዘንባባ ቁምጣ የተጻፈው ለዋናተኛ አይደለም፤ ለተቀማጭ ነው። ገንዳ ዳር ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ ቢራውን አጠገቡ አድርጎ፣ አልፎ አልፎ እግሩን እየነከረ ፎቶ ለሚነሳ ሰው። ለዚያ ሰው ጥሩ ልብስ ነው፤ አላማውም። የኔ ጠብ የሚጀምረው ሐኪም «ጉልበትህ ሩጫ አይችልም፣ ስኳርህም ከፍ ብሏል፣ ዋና ጀምር» ያለው የኔ እኩያ ያንኑ ቁምጣ ገዝቶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ነው።

ያ ሰው ምን ይገጥመዋል? ገና ዘሎ ሲገባ ውስጡ የታፈነው አየር ቁምጣውን እንደ ፊኛ ይነፋዋል። አየሩ ሲወጣ ውኃ ይተካል። ኪሱ ስልቻ ይሆናል። እግሩን በመታ ቁጥር የራሱን ጭን ብቻ ሳይሆን አንድ ጣሳ ውኃም አብሮ ይጎትታል። የወገቡ ላስቲክ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ስለዚህ አንድ እጁ ለቀዘፋ፣ አንድ እጁ ለቁምጣ። ከውስጥ ያለው ወንፊት መሳይ ገበር ደግሞ ሲረጥብ ይሻክርና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ብሽሽቱን ይልጠዋል። በማግስቱ ቢሮ ሲገባ እግሩን ከፈት አድርጎ ነው የሚራመደው። በሦስተኛው ሳምንት «ዋና ለኔ አልተስማማኝም» ብሎ ይተዋል። እንዲህ እያሉ ከገንዳ የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። አንደኛው የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄደው። በእግር ኳስ ቁምጣና በጥጥ ቦክሰር የሚዋኙትንም አይቻለሁ። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፤ ጠጥቶም አይጠግብም፤ ከገንዳ ሲወጡ ቁምጣው ከሰውዬው በኋላ ነው የሚወጣው።

ለአዘውትሮ ዋና የሚሆነው ሰውነት ላይ የሚለጠፈው ነው። እንደ ሙታንታ አጭር የሆነው አለ። ጭን ላይ የሚቆም፣ ቦክሰር የሚመስልም አለ። ብስክሌት ነጂዎች የሚለብሱትን ዓይነት፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ የሚያበቃ፣ ፈረንጆቹ «ጃመር» የሚሉትም አለ። ለኔ ዕድሜና ለኔ ጭን ይህ የመጨረሻው ይሻላል፤ ጭንና ጭን ሲፋተጉ ጨርቁ መሀል ገብቶ ይገላግላል። ከመዝናኛው ቁምጣም ከአጭሩም ይልቅ ለአፋር ሰው የሚስማማ እሱ ይመስለኛል፤ ይሸፍናል፣ ግን አይንዘላዘልም።

ይህን ለወዳጆቼ ሳነሳ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ይኼማ ሙታንታ ነው!» በነገራችን ላይ ሙታንታ የሚለውን ቃል ያመጣልን፣ ያው መርካቶ የሚለውን ስም የተወልን ጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን ያገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ነቅሎ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረው። ጣሊያን ሄደ፤ ለገበያ የሚለው ቃሉ ቀርቶ የሰፈር ስም ሆነ። ሙታንታም እንዲሁ ቀረ። በዚያች በአንዲት ቃል ውስጥ ታዲያ ከሱሪ በታች የሚውል፣ ተደብቆ የሚታጠብ፣ ሲሰጣም ከአንሶላ ጀርባ የሚሰጣ ነገር ሁሉ ታጭቋል። «የዋና ልብስ» የሚለው ሐረግ ከእሷ ጋር በተጋጠመ ቁጥር ተሸናፊ ነው።

ባህላችን አይፈቅድም እንዳትሉኝ ደግሞ። በልጅነቱ ቀበና ወንዝ የወረደ የአዲስ አበባ ልጅ ምን ለብሶ እንደዋኘ ያውቃል፤ ምንም። ጣና ዳር ያደገውም፣ አዋሽ ዳር ያደገውም እንዲሁ ይነግራችኋል። ሐፍረቱ የመጣው ከገንዳው፣ ከወንበሩና ከቦርጩ ጋር ነው።

ቦርጭ ካነሳሁ ዘንድ ሮቤል ኪሮስን ማለፍ አልችልም። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ማጣሪያ ዋኘ፤ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ፈጀበት፤ ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ሆነ። በማግስቱ ዓለም የተነጋገረው ከሰዓቱ ይልቅ ስለ ሆዱ ነበር። በዓሣ ነባሪ መሰሉት። የኛም ሰው አልማረውም። የተመረጠበት መንገድ ያስነሳው ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው፣ መጠየቁም ተገቢ ነበር። ግን 100 ሜትር በዚያ ሰዓት የሚቀዝፍ ሰው እኛ ከምንንቦጫረቅበት ገንዳ ቢገባ ስንቶቻችን እንከተለዋለን? ያን ሳቅ ሰምቶ፣ «እኔስ በዚህ ሆዴ?» ብሎ ቁምጣውን መሳቢያ ውስጥ የመለሰውን ሰው ደግሞ ማንም አልቆጠረውም።

ከሪዮው ሳቅ ይልቅ ሮም ቢታወሰን ይሻለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ቢቂላ የቀረበለት ጫማ እግሩን አልመች ቢለው በባዶ እግሩ ሮጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ድሉን ደገመው። እኛ ባዶ እግሩን የጀግንነት ምልክት አድርገን ለልጆቻችን እንነግራለን። እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ፣ በዚያ ሁሉ የዓለም ዓይን ፊት ሰው ምን ይለኛል ሳይል እግሩን መጠየቁ ነው።

ወደ መርካቶ ልመልሳችሁ። በአውቶቡስ ተራ በኩል ገብቼ ሱቅ ለሱቅ ስዞር አንዱ ወጣት ጠራኝ። «ፋዘር ግቡ! ምን ላሳይዎት?»

«ለዋና የሚሆን ቁምጣ።»

ዘንባባውን አወረደልኝ።

«የሚለጠፈውን ነው የምፈልገው።»

ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለልጅዎት ነው?»

«ለራሴ ነው።»

ልጁ ጨዋ ነው፤ አልሳቀም። ከካርቶን ሥር ቆፍሮ በላስቲክ የታሸገ ጥቁር ጃመር አወጣ። የታወቀ ማርክ ተለጥፎበታል፤ አንድ ፊደል ብቻ ተሳስቷል። «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ተቀብዬ ወዲያውኑ ገለበጥኩት። «ፋዘር፣ ሰው እኮ የሚያየው በውጭ በኩል ነው!» አለኝ ደንግጦ። ከዚህ የተሻለ የገበያችንን ሥነ ውበት የገለጠ ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

የውስጡን ማየት ግን ግድ ነው። ስፌቱ ሰንበር ሠርቶ የቆመ ከሆነ ያ ሰንበር ብሽሽት ላይ ይደገማል፤ ተኝቶ የተሰፋ መሆን አለበት። ከዚያ የወገቡን ማሰሪያ አንዱን ጫፍ ሳቡ። ሌላው ጫፍ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ገመዱ ወገቡን ይዞራል ማለት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ለጌጥ የተሰፋ ጭራ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ካየኋቸው ብዙዎቹ ጭራ ናቸው። ጨርቁን በሁለት እጅ ወጥራችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። ደረቁን ጣታችሁን የሚያሳይ ከሆነ፣ ረጥቦ የሚያሳየውን ራሳችሁ ገምቱት። ስትለቁት ወደ ቦታው በፍጥነት ካልተመለሰ አስቀምጡት፤ በተለይ ሳልቫጅ ከሆነ። ከሳልቫጅ ክምር ጥሩ ሸሚዝ፣ ጥሩ ካፖርት ይገኛል። የዋና ቁምጣ ግን ላስቲኩ አንዴ ከሞተ መልኩ ብቻ ነው የሚቀረው።

ላስቲኩን የሚገድለው ክሎሪን ነው። ናይለን ከሊክራ ጋር የተሸመነው ለስላሳና ምቹ ነው፤ ክሎሪን በበዛበት ገንዳ ግን ቶሎ ይላላል፣ ይሳሳል። ፖሊስተር የሚበዛበት ትንሽ ደረቅ ይላል፤ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለሚዋኝ ሰው እኔ ያለማመንታት ፖሊስተር እላለሁ። ከዋና በኋላ በንጹህ ቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ፣ ሳይጠመዝዙ ጥላ ላይ ማስጣት ነው። ፀሐይ ላይ ጥሎ ማድረቅ፣ በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ እንደ መግደል ነው።

ልኩስ? ኤል የሚለው ፊደል የሚዋሽበት አገር ላይ ነን፤ አንዱ ፋብሪካ ኤል ያለው ለሌላው ኤም ነው። መለካት ብቻ ነው የሚያዋጣው። ልጁ ከመጋረጃ ጀርባ አስገብቶኝ፣ ከሙታንታዬ በላይ አጥልቄ፣ ቁጢጥ አልኩ፤ አንድ ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሳብኩ። ደረቅ ሳለ ትንሽ ጠበቅ ማለት አለበት፤ ውኃ ሲነካው ይላላልና። ትንፋሽ ከከለከለ ግን ልኩ አይደለም። ይኼኛው ወገቡ ጥሩ ነበር፣ ገመዱ ግን ጭራ። አልገዛሁትም።

ዘመድ አሜሪካ ያላቸው ደግሞ የኦሊምፒኩን ካልላካችሁልኝ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮም ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 43 የዓለም ሪከርዶች ተሰባብረው፣ ጣቱ ወደ ልብሱ ስለተቀሰረ ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ያ ላስቲክ መሰል ልብስ ታገደ፤ የወንዱም ከእምብርት በታች፣ ከጉልበት በላይ ተብሎ ተወሰነ። የዛሬውም የውድድር ልብስ ቢሆን ለመልበስ ትግል የሚጠይቅ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነው። ጉልበቱን ሊያስታምም ለሚዋኝ ሰው የልምምዱ ይበቃዋል።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሮቤል ከመዋኘቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነበር። ከገቡት ትልቁ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ይኸው ኩባንያ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ስፒዶ የተባለውን የዋና ልብስ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ነበር። በ2021 መገባደጃ በጦርነቱ ምክንያት ለቆ ሄደ። ሐይቅ ባላት ከተማ፣ የዋና ልብስ ነጋዴ ልብስ ሲያሰፋ ዓመታት ቆይቶ፣ መርካቶ የደረሰ አንድ ቁምጣ አላየሁም። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ከሱቁ ወጥቼ ሁለት ቅያስ ዝቅ ብሎ ሱሪ የሚያጠብ ልብስ ሰፊ አገኘሁ። ወረቀት ላይ ሣልኩለት፤ ስፌቱ ተኝቶ፣ ገመዱ ወገቡን ዞሮ፣ ከጉልበት በላይ። ሥዕሉን አዙሮ አዙሮ አየው።

«ጨርቁን ያምጡልኝ እንጂ በሁለት ቀን አደርሰዋለሁ» አለኝ። «ኪሱን የት ላድርግልዎት?»